አጥንቱን የሚያውቅ እጅ

ቤትን የሚያቆመው ምሰሶውና ማገሩ እንደሆነ ሁሉ ተሽከርካሪን የሚያቆመው ሻንሲው ነው። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ገላውም የሚያርፉት በዚህ አጥንት ላይ ነው። ቀለሙ ዐይን የሚማርክ መኪና ሁሉ ሻንሲው በዝገት ከተበላ የቆመ ሬሳ ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባን የጋራዥ ሙያ ታሪክ ለመረዳት የሚሻ ሰው ከገላው አልፎ አጥንቱን መመርመር ይገባዋል።

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ከዚያ በፊት የከተማይቱ መጓጓዣ ምን እንደነበረ በቂርቆስ የሚገኘው የበቅሎ ቤት ሰፈር ስም ይመሰክራል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የፋሽስት ወረራ ዘመን ደግሞ የጭነት መኪናዎች በብዛት ገቡ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ወራሪው ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የኢጣሊያንኛ መጠሪያ የተወረሰ ነው። ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራና ካቻቢቴ ከዚሁ ቋንቋ ሲመጡ፣ ሻንሲ ከፈረንሳይኛ መጣ። ቃላቱ የባዕድ ቢሆኑም ሙያው የባዕድ ሆኖ አልቀረም።

ለዚህም ሁለት ምስክሮች አሉ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት የፔጆ 404 ፒክአፕ ጀርባ ተሸፍኖ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚዎች ተበጅተውለት ታክሲ ሆነ። ሕዝቡም የዘመኑን የውይይት ክበብ አስታውሶ «ውይይት» አለው። ቆይቶም በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ላሜራ እየተቀጠቀጠ የአውቶቡስ ገላ ተሠራ፤ ስሙም «ቅጥቅጥ» ተባለ። ይሁን እንጂ በሁለቱም ሥራ የአገሬው እጅ ያለበሰው ገላውን ነበር፤ አጥንቱ የመጣው ከፋብሪካ ነው። የሙያው ከባድ ፈተና አጥንቱ ራሱ ያለቀ ዕለት ይመጣል።

በከተማይቱ ጎዳናዎች ለረጅም ዘመን የኖረው አሮጌው ቮልስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተ በኋላ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ሥራው ያበቃው ይህ መኪና፣ ሻንሲው በመካከል የሚያልፍ ውስጠ ክፍት አከርካሪና በግራ በቀኙ የተያያዙ የወለል ላሜራዎች ናቸው። ገላው በብሎን ይታሰርበታል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ፣ የሚንጠባጠበው አሲድና የክረምቱ እርጥበት ተባብረው ወለሉን ይበሉታል።

እንዲህ ያለውን መኪና የሚያድስ ባለሙያ በመጀመሪያ ገላውን ፈትቶ ያነሣል። ቀጥሎም ያልተበላውን ጎን ወይም የሌላ ጤነኛ መኪና ልክ ወስዶ፣ አዲሱን ብረት በተስተካከለ መደብ ላይ ይቆርጣል። ከፊት ጎማ መካከል እስከ ኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2.4 ሜትር መሆን አለበት። ብረቱ መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ይበየዳል፤ ከዚያም ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ይለካል። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ አጥንቱ ጠሟል ማለት ነው። ሙቀት ብረትን ስለሚያጣምም ብየዳው በአንድ ወገን ተጀምሮ እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ትንሽ እዚህ፣ ትንሽ እዚያ እያለ፣ በየመካከሉ እየበረደና እየተለካ ይፈጸማል። ይህን የቸኮለ ሰው መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲስብና ጎማው ያለ ጊዜው ሲበላ ያየዋል።

ይህ ዕውቀት በአብዛኛው የሚተላለፈው ከዋናው ሠራተኛ ወደ ረዳቱ፣ በዐይንና በእጅ ነው። ስለዚህም ህልውናው የተመሠረተው ሁለቱ አብረው በሚውሉበት ሰፈር ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን ካዛንቺስ ብዙው ክፍሉ ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛወረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። በዚህ ምክንያት አሮጌ መኪናን ከአጥንቱ ጀምሮ ማደስ ናፍቆት ብቻ ሳይሆን የኑሮም ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

መንደር ሲፈርስ ቤቱ በሌላ ሥፍራ ሊሠራ ይችላል፤ የተበተነ ሙያ ግን ተመልሶ መሰብሰቡ አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም የሙያ ትምህርት ቤቶች መምህራን ከእነዚህ ባለሙያዎች ዘንድ ሄደው ልኩን በወረቀት፣ አሠራሩን በሥዕል ሊያሰፍሩት ይገባል። ይህም መከናወን ያለበት ያ ረዳት ሌላ ሥራ ሳይፈልግ፣ ዋናውም መዶሻውን ሳያስቀምጥ ነው።