ሰዓቱን የያዘው ማን ነው?

እስቲ ስልካችሁን አውጡና ቁጠሩ። የሥራ ዝርዝር መጻፊያ አፕ፣ ማስታወሻ መያዣ አፕ፣ «ውሃ ጠጡ» እያለ የሚነዘንዝ አፕ፣ «ዛሬ ይህን ያህል ሰዓት ስክሪን ላይ አፍጥጣችኋል» እያለ የሚከስ ሌላ አፕ... ኮምፒውተር የሚወድ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ይኼ ሁሉ እጥፍ ነው። ሥራውን ከሚሠራበት ጊዜ ይልቅ ሥራውን የሚያደራጅለትን አዲስ ፕሮግራም ሲሞክር የሚያጠፋው ጊዜ ይበልጣል። (ማንንም ለመንካት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመንካት ነው።)

እነዚህ መሣሪያዎች ግን ከሰማይ ዱብ አላሉም። የዘር ሐረጋቸውን ወደ ኋላ ብትቆጥሩ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ስቶፕዋች የጨበጠ አንድ ሰው ዘንድ ትደርሳላችሁ። ታሪኩን ላውጋችሁ፤ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ፍሬድሪክ ዊንስሎው ቴይለር ይባላል። በ1856 ፊላደልፊያ ውስጥ ከደህና ቤተሰብ ተወለደ፤ ፋብሪካ የገባው ግን ከታች ጀምሮ ነው። እዚያ ሳለ ሠራተኛው አውቆ እንደሚያዘግም እርግጠኛ ሆነ። እኛ «ልግመት» የምንላትን ነገር የዕድሜ ልክ ጠላቱ አደረጋት። መድኃኒቱ ደግሞ አንድን ሥራ ወደ ጥቃቅን እንቅስቃሴዎች መከፋፈል፣ እያንዳንዷን በሰከንድ መለካት፣ ትርፍ የመሰለችውን ቆርጦ መጣል ነበር።

በ1899 በፔንሲልቬንያው ቤተልሔም ስቲል ያደረገው ሙከራ ዝነኛ ነው። ሠራተኞች እያንዳንዱ 42 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የጥሬ ብረት ቁራጭ እያነሱ የባቡር ፉርጎ ላይ ይጭናሉ። አንድ ሰው በቀን 12 ቶን ተኩል ያህል ይጭን ነበር። ቴይለር «47 ቶን ተኩል ይቻላል» አለ። «ሽሚት» ብሎ የጠራውን (እውነተኛ ስሙ ሄንሪ ኖል ነው) ጉልበተኛ መረጠ፤ የቀን ክፍያውን ከ1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ወደ 1 ዶላር ከ85 አሳደገለት። ከዚያ «አንሳ» ሲባል ያነሳል፣ «ተቀመጥ» ሲባል ይቀመጣል። ሒሳቡን ልብ በሉልኝ። ጭነቱ ወደ አራት እጥፍ ሲጠጋ ደመወዙ የጨመረው 60 በመቶ ገደማ ነው። ቴይለር ይህን ታሪክ በ1911 ባሳተመው የሳይንሳዊ አስተዳደር መጽሐፉ ውስጥ በኩራት አስፍሮታል። በ1974 ሰነዶቹን ያገላበጡ ተመራማሪዎች ግን ብዙው ነገር ተጋንኖ የተጻፈ መሆኑን አሳይተዋል።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በቴይለር በራሱ ሒሳብ፣ ያን ያህል ብረት የሚያነሳ ሰው ሸክም ላይ መሆን ያለበት ከቀኑ 43 በመቶውን ብቻ ነው። በቀሪው 57 በመቶ እጁ ከሸክም ነፃ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቀኑን አይዘልቀውም። ያ የልግመት ጠላት ሳይቀር ካለ እረፍት ሥራ እንደማይሠራ አሳምሮ ያውቅ ነበር ማለት ነው! ብቻ መቼ እንደሚታረፍ የሚወስነው የደከመው ሰው አይደለም። ሰዓቱን የያዘው ነው።

ሠራተኞቹ ይቺን ነገር ቶሎ ነቁባት። በኦገስት 1911፣ ቦስተን አጠገብ በሚገኘው የዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ ብረት አቅልጠው ቅርጽ ከሚያወጡት ሠራተኞች አንዱ «በስቶፕዋች አልለካም» አለ። ተባረረ። ባልደረቦቹ ሥራ አቁመው ወጡ። ነገሩ እስከ ኮንግረስ ደረሰ፤ ቴይለር በ1912 አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ለረጅም ሰዓት ተጠየቀ። በ1915 ደግሞ ኮንግረስ በወታደራዊ ፋብሪካዎች ሠራተኛን በስቶፕዋች መለካትን የሚከለክል አንቀጽ የበጀት ሕጉ ውስጥ አስገባ። ክልከላው እስከ 1949 ቆየ። አስቡት፤ ዛሬ በነፃ ዳውንሎድ የምናደርገው ነገር በሕግ የተከለከለበት ዘመን ነበር።

ጎን ለጎን ሌላ ታሪክ እየሄደ ነበር፤ የስምንት ሰዓቱ ትግል። ቴይለር በተወለደ በወሩ፣ በኤፕሪል 1856፣ በአውስትራሊያ ሜልበርን ድንጋይ ጠራቢዎች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ሰልፍ ወጡ፤ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀንንም አገኙ። በሜይ 1886 ቺካጎ ላይ ለዚሁ ጥያቄ ደም ፈሰሰ። እኛ ሚያዝያ 23 ቤታችን ተኝተን የምናከብራት የሠራተኞች ቀን መነሻዋ ይኸው ነው። በ1919 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በቁጥር አንድ ያወጣው ስምምነት የፋብሪካ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚገድብ ነበር። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 (በእኛ አቆጣጠር የ2011 ዓ.ም.) ይህንኑ ገደብ ይዟል።

ቁጥሩ የቅንጦት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት በ2016 ብቻ ለ745,000 ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል፤ በስትሮክና በልብ ሕመም። ፈረንሳይ ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልኩንና ኢሜይሉን የመዝጋት መብት እንዲኖረው በሕግ ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕግ አለቃን ይገታል እንበል። ላፕቶፑ የራሱ፣ ፕሮጀክቱ የራሱ፣ ሌሊቱም የራሱ የሆነውን ፕሮግራመርስ ማን ይገታው? እዚህ ላይ ነው ስቶፕዋቹ እጅ የቀየረው።

ጣልያን፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ተማሪ ማጥናት አቅቶታል። ከራሱ ጋር ተወራረደ፤ «አሥር ደቂቃ ብቻ በትክክል ማጥናት እችላለሁ?» መለኪያው የቲማቲም ቅርጽ ያላት የኩሽና ታይመር ነበረች። ቲማቲም በጣልያንኛ ፖሞዶሮ ነው፤ ዘዴውም በዚያው ተጠራ። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት፣ ከአራት ዙር በኋላ ረዘም ያለ እረፍት። ይኸው ነው።

ብዙዎቻችን ከዚህ ውስጥ የምንይዘው 25ቱን ደቂቃ ነው። ለእኔ ብልሃቱ ያለው አምስቷ ላይ ነው። ቺሪሎ ታይመሯ ከጮኸች «ትንሽ ቀርቶኝ ነበር» የለም፤ ማቆም ነው ይላል። በእረፍቷም ኢሜይል መጻፍ፣ ስለ ሥራ ስልክ መደወል አይፈቀድም። ተነሱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ወዲህ ወዲያ በሉ። ከቴይለር ሒሳብ ጋር ስታስተያዩት ዕውቀቱ አንድ ነው፤ እረፍት የሥራው አካል ነው። ልዩነቱ የሚያርፈውና «እረፍ» የሚለው አንድ ሰው መሆናቸው ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቹ የፖሞዶሮ አፖች እረፍቱን መዝለያ ቁልፍ አላቸው፤ ማን እንደጠየቃቸው እንጃ።

ከዚያ ቴክኖሎጂ ወዳዶቹ መጡ። በ2004 ዳኒ ኦብራየን የሚባል ጋዜጠኛ ብዙ ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ምን እንደሚጠቀሙ ጠይቆ ውጤቱን ሳንዲያጎ በተካሄደ ጉባኤ ላይ አቀረበ። የተራቀቀ ሶፍትዌር የጠበቀ ሁሉ አፈረ፤ ሰዎቹ ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች ዋነኛው አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር። በዚያው ዓመት ሜርሊን ማን የሚባል አሜሪካዊ ጥቂት ካርዶችን በወረቀት መቆንጠጫ አያይዞ «ይኸው የእኔ ኪስ ኮምፒውተር» ብሎ ቀለደ፤ ቀልዱ ፋሽን ሆነ። በ2007 ይኸው ሰው ጎግል ቢሮ ቀርቦ ስለ «ኢንቦክስ ዜሮ» ተናገረ። ዓለም የሰማው «የኢሜይል ሳጥንህን ባዶ አድርግ» የሚለውን ነው። እሱ ግን የሚጨነቀው ስለ መልእክቶቹ ብዛት አልነበረም፤ አእምሯችን ስንት ሰዓት እዚያ ሳጥን ውስጥ ተቀርቅሮ እንደሚውል እንጂ።

ማን በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ ሊጽፍ ተዋዋለ። በኤፕሪል 2011 አንድ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ሰዎች ጊዜያቸውን ለሚወዱት ነገር እንዲያውሉ የሚመክረውን መጽሐፍ ለመጨረስ ሲል ከትንሿ ሴት ልጁ ጋር የሚያሳልፈውን ጊዜ እየሰዋ እንደነበር ተረከበት። መጽሐፉ በተዋዋለበት መልክ አልወጣም።