በቀይ ባሕር የተያዙት ልጆችና የተጻፈው ቃላቸው

የባብ ኤል መንደብ ባሕር በጠባቡ ስፍራ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ብቻ ያለው ነው። ይህን ጠባብ ውሃ ከወላጆቻቸው የተነጠሉ ብዙ ልጆች በየዘመኑ ተሻግረውታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነጋዴ እጅ ለገበያ ሲሻገሩት፣ ዛሬ ደግሞ በኦቦክ በኩል በደላላ ተስፋ ተመርተው ይሻገሩታል። ስለ ባሪያ ንግድ የተጻፉት መጻሕፍት ወደቡን፣ ቀረጡን፣ የመንግሥታቱን ውልና የነገሥታቱን ደብዳቤ በሰፊው ያወሳሉ። የተሸጠው ልጅ ራሱ የተናገረው ቃል ግን ከቶ ጥቂት ነው። ልጁ መጻፍ አያውቅም፤ የሚጠይቀውም ሰው አልነበረውም። ከዚህ ልማድ ውጭ የሆነ አንድ ታሪክ ስላለ፣ ነገሩ ለመምህራን የተለየ ትርጉም ያለው በመሆኑ፣ እዚህ ላይ በዝርዝር መነገር ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመስከረም ወር 1888 በኮማንደር ቻርልስ ጊሲንግ የሚታዘዝ ኦስፕሬይ የተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ዓረብ ጠረፍ የሚያመሩ 3 ባለሸራ መርከቦችን በቀይ ባሕር ደቡብ ጫፍ አስቁሞ ያዘ። በመርከቦቹ ውስጥ የተገኙት ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። አገራቸውም የኦሮሞ ምድር ሲሆን፣ የሚወሰዱት በሁዴይዳና በጅዳ ገበያ ሊሸጡ ነበር። የጦር መርከቡም ሁሉንም ይዞ ወደ ኤደን ገባ።

እነዚህ ልጆች ከባሕሩ ዳር የደረሱት በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሰው እጅ አልነበረም። ኋላ እንደ ተናገሩት፣ አንዳንዱ በወረራ ተማረከ፤ አንዳንዱ ከብት ሲጠብቅ ወይም ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ ተሰረቀ፤ ሌላው ደግሞ በዕዳ ወይም በረኃብ ምክንያት በሚያውቀው ሰው ተላልፎ ተሰጠ። ከዚያም ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየተነዳ ወደ ጠረፉ ወረደ። ከልጃገረዶቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። ወላጆቿ በ1887 ገደማ በድርቅና በበሽታ ጊዜ ሞቱባትና በአንድ ጠባቂ እጅ ቀረች፤ ጠባቂዋም በተራበ ጊዜ በበቆሎ ለወጣት። ይህች ልጅ በጦር አልተማረከችም፤ በገመድ ታስራ ከቤቷ አልተወሰደችም። ያስረከባት ይጠብቃት ዘንድ የተተወላት ሰው ነው። በ2000 የወጣው ሰዎችን የመነገድ ወንጀል የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮል ስለ ሕፃናት የተለየ አንቀጽ ያስገባው እንዲህ ያለውን ነገር በማሰብ ይመስላል። ሕፃን ሊበዘበዝ ተመልምሎ ወይም ተጓጉዞ ከተገኘ፣ ማስገደድ ወይም ማታለል ባይኖርበትም፣ ልጁም ፈቅጄ ሄድሁ ቢል፣ ነገሩ ንግድ ነው። በቢሾ ዘመን እንዲህ የሚል ሕግ አልነበረም።

ስለዚህ ንግድ ሲነገር ጥፋቱን ሁሉ ከባሕር ማዶ በመጣው ነጋዴ ላይ መጣል የተለመደ ነው። ማዶ ያለው ገዢ ባይኖር ገበያው ባልቆመም ነበር፤ ይሁን እንጂ ነጋዴው ልጁን ከእናቱ ጉያ ድረስ ሄዶ አላመጣውም። ያመጣለት የአገር ሰው ነው፤ መንገዱን የከፈተለትና በየኬላው ቀረጡን የተቀበለው የአገር ባላባት ነው። በኢትዮጵያ ባርነትን የሚከለክሉ ሕጎች በ1924፣ በ1931፣ በመጨረሻም በ1942 ተደጋግመው የወጡት ጥፋቱ በአገር ውስጥ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው።

ወደ ልጆቹ እንመለስ። የጦር መርከብ ልጅን ከሳንቡክ ማውጣት ይችላል፤ ለልጁ እናት መሆን ግን አይችልም። ኤደን ላይ የታየው ችግር ይኸው ነበር። ልጆቹን ወደ መጡበት ጠረፍ መመለስ መንገዱን ለያዙት ለነዚያው ነጋዴዎች መልሶ ማስረከብ ይሆናል፤ በከተማው መልቀቅም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ስለዚህ ከፊሎቹ ለከተማው ቤተሰቦች ተሰጡ፤ ከፊሎቹንም የስኮትላንድ ነፃ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ተቀብሎ ለኤደን ቅርብ በሆነው በሼክ ዑስማን አስቀመጣቸው። የደጋ ልጆች ነበሩና የበረሃው ሙቀትና በሽታው ከበዳቸው፤ ብዙ ሳይቆዩም ከመካከላቸው የሚሞቱት በረከቱ። ሚሲዮኑም ሌላ ስፍራ ይፈልግ ጀመር። የተገኘው ስፍራ ግን ከአገራቸው የሚያቀርባቸው ሳይሆን እጅግ የሚያርቃቸው ሆነ፤ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ቅኝ ግዛት የሚገኘው የሎቭዴል ትምህርት ቤት ነው። 42 ወንዶችና 22 ልጃገረዶች፣ በጠቅላላው 64 ልጆች፣ ነሐሴ 21 ቀን 1890 እዚያ ደረሱ።

በዚያው ዓመት ለልጆቹ የተደረገላቸው አንድ ነገር ከሌሎች ነፃ ከወጡ ልጆች ሁሉ ይለያቸዋል። ዶክተር ፓተርሰንና ቄስ ሎክሄድ የተባሉ የሚሲዮኑ ሰዎች እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስቀርበው፣ ከኦሮምኛ እያስተረጐሙ ጠየቁት፤ መልሱንም ጻፉ። ስምህ ማን ነው? የአባትህና የእናትህ ስም ማን ይባላል? በሕይወት አሉ ወይስ ሞተዋል? ስንት ወንድምና እኅት አለህ? አባትህ ስንት በሬ፣ ስንት ላም ነበረው? መሬቱስ? ማን ወሰደህ? ለማን ሸጠህ? በየትኛው ገበያ አለፍህ? ባሕሩን ያየኸው በየት ነው? ጥያቄው ለሁሉ አንድ ዓይነት በመሆኑ የአንዱን ቃል ከሌላው ጋር ማስተያየት ይቻላል።

የበሬው ቁጥር ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ልጅን ሲያስተምር የኖረ መምህር ግን ጥቅሙን አይስተውም። አባቱ በሬ እንደ ነበረው የሚናገር ልጅ ሜዳ ላይ የተገኘ ዕቃ አይደለም፤ ቤት ነበረው፣ ጎረቤት ነበረው፣ የሚያውቀው ደጅ ነበረው። ሻጩ በመጀመሪያ የሚያጠፋው ይህንኑ ነው። ለልጁ አዲስ ስም ያወጣለታል፤ ከየት እንደ መጣ እንዲረሳ ያደርገዋል፤ በየገበያው አዲስ ጌታ ስለሚያገኝ ትናንት ያየው ሰው ዛሬ አይመሰክርለትም። ስሙና የአባቱ ስም በጽሑፍ የሰፈረለት ልጅ እንዲህ በቀላሉ ሊጠፋ አይችልም። ሳንድራ ሮዎልት ሼል የተባለች የታሪክ ጸሐፊ እነዚህን 64 ቃሎች አንድ በአንድ መርምራ፣ የያንዳንዱን ልጅ መንገድ በካርታ ላይ አሳይታ፣ በ2018 መጽሐፍ ለማሳተም የቻለችው ከ120 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ጥያቄው ስለ ተጠየቀ ነው።

መጻፍ ብቻውን ግን አልበቃም። በሎቭዴል የተሰጣቸው ትምህርት በዚያ ዘመን ለአፍሪካውያን ይገባል ተብሎ የታሰበው ነበር፤ ለወንዶቹ የእጅ ሥራ፣ ለልጃገረዶቹ በይበልጥ የቤት አገልግሎት። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚማሩበት ዕድል አልነበረም። በዚያም አገር ከመካከላቸው ብዙዎች በበሽታ አለቁ። ወደ አገራችሁ መመለስ ትፈልጋላችሁ ወይ ተብለው የተጠየቁት በ1903 ነው፤ 17ቱ በመርከብ ተሳፍረው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት ደግሞ በ1909፣ ያውም ለዐፄ ምኒልክ አማካሪ የነበሩ ጀርመኖች ከገቡበት በኋላ ነው። የአባታቸውን ስምና አገር የያዘው ወረቀት ለ19 ዓመት እያለ፣ ልጅ ሆነው የሄዱት ጐልማሳ ሆነው ተመለሱ። ስለ ሚሲዮኑ በጎነት የሚነገረው ሁሉ እውነት ቢሆንም ይህ መዘግየት ሊሸፈን አይገባውም።

በዚያው ዘመን በምጥዋ አጠገብ በእምኩሉ የነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሌላ መንገድ ተከትሎ ነበር። ከኢሉባቦር በልጅነቱ ተሰርቆ በተደጋጋሚ የተሸጠ ሂካ የሚባል ልጅ በ1870 ምጥዋ ላይ ሙንሲንገር ነፃ አውጥቶት ለዚሁ ሚሲዮን ተሰጠ። ሂካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው፤ እርሱም ኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ ተብሎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰው ሰው ነው፤ ትርጉሙም በ1899 ታተመ። በ1886 የኢጣሊያ መርከብ ከባሪያ ነጋዴዎች ያስጣላት አስቴር ጋኖም እዚያው ተምራ ከርሱ ጋር ሠራች፤ በ1894 የወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ የሁለቱ ድካም ነው። ሁለቱም በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በሕዝባቸው ቋንቋ ያስተምሩ ጀመር። የእምኩሉ ልጆች ለአገራቸው ቅርብ መሆናቸው ረድቷቸዋል፤ ቋንቋቸው በትምህርት ቤቱ ውስጥ በር ማግኘቱ ግን ይበልጥ የረዳቸው ይመስላል።

ዛሬ በስደተኞች መጠለያ ያለ ወላጅ የደረሰ ልጅ ሲመዘገብ የሚጠየቀው ከሎቭዴሉ ጥያቄ እምብዛም አይለይም፤ ስም፣ የወላጆች ስም፣ መንደር፣ አብሮት የመጣው ሰው፣ መንገዱን ያሳየው ሰው። በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ22ኛው አንቀጽ ብቻውን ለተገኘ ስደተኛ ልጅ ወላጆቹን መፈለግ የመንግሥታት ግዴታ እንዲሆን ጨምሯል፤ በኢትዮጵያም በ2020 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 በሰው የሚነግደውን በከባድ ቅጣት ይቀጣል። ነገር ግን ደላላው ልጁን የሚያገኘው ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ አይደለም። ብዙ ጊዜ የልጁን ቤተሰብ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አጎት ነኝ ብሎም ሊቀርብ ይችላል። በመዝገቡ ላይ የሌለ አጎት በድንገት ሲመጣ፣ ወይም በክፍሉ የነበረ ልጅ ያለ ምክንያት ሦስት ቀን ሲቀር፣ ከማንም አስቀድሞ ሊያውቀው የሚችለው ስም ጠሪው መምህር ነው።

ቢሾ ጃርሳ በሎቭዴል ለመምህርነት ከሠለጠኑት ሁለት የኦሮሞ ልጃገረዶች አንዷ ሆነች። በ1902 ከሎቭዴል ወጥታ በክራዶክ ከተማ ማስተማር ጀመረች፤ በ1911 ፍሬድሪክ ሼፐርስ የተባለ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አገባች፤ ለወለደቻትም ልጅ ዲምቢቲ የሚል የኦሮሞ ስም አወጣችላት። ዲምቢቲ በ1936 የወለደችው ኔቪል አሌግዛንደር የዘር መድልዎን ሥርዓት በመቃወሙ ከ1964 እስከ 1974 በሮብን ደሴት ታስሮ የኖረ፣ ከዚያም እስከ ሞተበት እስከ 2012 ድረስ የደቡብ አፍሪካ ልጆች በእናታቸው ቋንቋ እንዲማሩ የታገለ ምሁር ነው። ልጅ ሳለ አያቱ ብቻዋን ሆና ማንም በማያውቀው ቋንቋ ስታጕረመርም ይሰማት ነበር። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ እናቱ አያታችሁ ከእግዚአብሔር ጋር ነው የምትነጋገረው እያለች ልጆቿን ትመልሳቸው ነበር። ቋንቋው ኦሮምኛ መሆኑንና አያቱ ከየት እንደ መጣች የሰማው ካደገ በኋላ ነው።