የማዕከላዊ ካቴተር ጫፍ እና የጨቅላ ሕፃናት ልብ

ጀርመናዊው ወጣት ሐኪም ዶክተር ቬርነር ፎርስማን እ.ኤ.አ. በ1929 በኤበርስቫልደ ከተማ ለሽንት ቧንቧ የተሠራ ቀጭን ካቴተር በገዛ ክንዳቸው ደም መልስ ሥር አስገብተው ወደ ልባቸው ከገፉት በኋላ፣ ካቴተሩ እንዳለ በእግራቸው ወደ ራጅ ክፍል ሄዱ። በጊዜው ያተረፉት ከምስጋና ይልቅ ነቀፌታን ነበር፤ የኖቤል ሽልማትን የተጋሩት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

ወደ ጨቅላ ሕፃናት ግን ካቴተር የደረሰው በሌላ መንገድ፣ በእትብት በኩል ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ የቦስተኑ ዶክተር ሉዊስ ዳይመንድ በአርኤች አለመጣጣም የታመሙ ሕፃናትን ደም ለመለወጥ የፕላስቲክ ካቴተር በእትብት ደም መልስ ሥር ማስገባት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ዶክተር ዊልሞርና ዶክተር ዱድሪክ አንጀቷ በአብዛኛው የተዘጋ አንዲት ሕፃን ምግቧን ሁሉ በደም ሥር ብቻ እያገኘች ማደጓን ከፊላደልፊያ አስታወቁ። በ1973 የለንደኑ ዶክተር ሾው በቆዳ በኩል በመርፌ ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን የሲሊኮን ካቴተር ገለጹ። ያለጊዜያቸው የተወለዱ እጅግ ትንንሽ ሕፃናት በሕይወት እንዲቆዩ የረዳው ይኸው ነው።

ነገር ግን ካቴተሩ ለቀናትና ለሳምንታት በቆየ ቁጥር ጫፉ ከስሱ የልብ ግድግዳ ጋር የሚነካካበት ጊዜ ረዘመ። ጫፉ ግድግዳውን ሊበሳ ይችላል፤ ባይበሳውም እንኳ የሚፈሰው የተከማቸ ስኳርና አሚኖ አሲድ ሕብረ ሕዋሱን እየጎዳ ወደ ልብ ከረጢት ይሰርጋል። ከረጢቱ ሲሞላ ልብ ይታፈናል። ሕፃኑ በድንገት ይገረጣል፣ የልብ ምቱ ይቀንሳል፣ ለተለመደው ነፍስ አድን ሕክምና ምላሽ አይሰጥም። እንዲህ ያለው ሞት በኢንፌክሽን ወይም በመወለጃ ጊዜ ማነስ ሊሳበብ መቻሉ አያስገርምም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የካቴተር ጫፍ ልብ ውስጥ እንዳይቀመጥ ያስጠነቀቀው በ1989 ነበር። ማስጠንቀቂያው ግን አልበቃም። በእንግሊዝ አራት ሕፃናት በዚሁ ምክንያት ሞተው የጤና መሥሪያ ቤቱ በ2001 የምርመራ ሪፖርት አወጣ። በ2003 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ችግሩ ከ1,000 ካቴተሮች በ1.8ቱ ገደማ እንደሚደርስ አሳየ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን በ2002 ኖውለንና ባልደረቦቻቸው 61 ሕሙማንን አሰባስበው ያገኙት ውጤት ነው። ከከረጢቱ ፈሳሽ በመርፌ ከተቀዳላቸው ሕፃናት የሞቱት 8 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተቀዳላቸው 75 በመቶ ሞተዋል። የተቀዳው ፈሳሽም በካቴተሩ ይሰጥ የነበረውን የሚመስል ነበር፤ ቅባት ሲሰጥ የነበረ ከሆነ እንደ ወተት ይነጣል። የልብ አልትራሳውንድ በአቅራቢያ ካለ ጥርጣሬውን በደቂቃዎች ውስጥ ያረጋግጣል፤ ከሌለ ግን የሚሰጠውን ፈሳሽ አቁሞ መርፌውን ማንሣት ያስፈልጋል፤ መጠበቅ አይቻልምና።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ካቴተሩ ከተተከለ በኋላም እንደሚንቀሳቀስ አሳየ። በክንድ ባዚሊክ ሥር የገባ ካቴተር ክርን ሲታጠፍ ወይም ክንድ ወደ ደረት ሲጠጋ ወደ ልብ ይገፋል። ስለዚህ ክንዱ ተዘርግቶ በተነሣ ራጅ ከልብ ውጭ የታየ ጫፍ፣ ሕፃኑ እንደ ልማዱ ክንዱን አጥፎ ሲተኛ ልብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።