ያልተመዘገበ ኒካህና የልጅ ነሰብ፦ ከሻኽት ጋር የሚደረግ ክርክር

ጆሴፍ ሻኽት እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው የእስልምና ሕግ መግቢያ፣ ሸሪዓ የጽሑፍ ሰነድን ከማስረጃ አይቆጥርም፤ የሚቀበለው የምስክርን ቃል ነው ብሏል። በተግባር ግን ያለ ሰነድ መሥራት እንዳልተቻለ አልሸሸገም። እስከዚህ ጠብ የለም። ጠቡ የሚጀምረው አባባሉ ወደ ቤተሰብ ሕግ ሲሻገር ነው፤ ምስክር የታጣለት ኒካህ ልጁንም አባት የሚያሳጣ ይመስላል።

ኢብኑል ቀይም አል-ጀውዚያን ያነበበ እንዲህ አይልም። በ1350 ያረፉት የደማስቆ ሊቅ «አጥ-ጡሩቅ አል-ሑክሚያ» በተባለው ሥራቸው፣ ማስረጃ ማለት እውነቱን የሚገልጥ ነገር ሁሉ ነው ብለው ይከራከራሉ። ከሚያነሷቸው መንገዶች አንዱ ቂያፋ ነው፤ ዝምድናን በአካል መመሳሰል መለየት። የቂያፋ መነሻ የኡሳማ ታሪክ ነው። ኡሳማ የሐበሻዋ የኡሙ አይመን ልጅ ነው። እሱ ጥቁር፣ አባቱ ዘይድ ቀይ በመሆናቸው ሰዎች ነሰቡን (የአባት ዘሩን) ያሙ ነበር። አባትና ልጅ ራሳቸውን ተከናንበው ተኝተው ሳለ ሙጀዚዝ አል-ሙድሊጂ የተባለ የቂያፋ አዋቂ እግራቸውን ብቻ አይቶ ዝምድናቸውን መሰከረ፤ ነቢዩም ተደሰቱ። በዚህ ሐዲስ ማሊኪዎች፣ ሻፊዒዎችና ሐንበሊዎች ቂያፋን ተቀበሉ፤ ሐነፊዎች አልተቀበሉም። ስለዚህ የዘረመል ምርመራን የሚገፋ ዳኛ የአንድ መዝሀብን (የሕግ ትምህርት ቤትን) ምርጫ ይከተል ይሆናል እንጂ በሸሪዓ ሁሉ ስም አይናገርም።

ግብፅ ጥሩ ማሳያ ናት። የ1931ዱ ሕግ ቁጥር 78 ባል ከካደ ይፋ ሰነድ የሌለው የጋብቻ ክስ እንዳይሰማ ከለከለ፤ የነሰብን ክስ ግን አልዘጋም። አንዲት የልብስ ዲዛይነር ከአንድ ተዋናይ ጋር በዑርፊ (ባልተመዘገበ ጋብቻ) መጋባቷን ገልጻ ለልጇ አባትነት ስትከራከር፣ ሰውየው የዘረመል ምርመራ አላደርግም አለ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሷን ጣለው፤ ይግባኝ ሰሚው በግንቦት 2006 (እ.ኤ.አ.) አባትነቱን አጸደቀ።

የ2008ቱ ሕግ ቁጥር 126 ልጅ ነሰቡን በሳይንሳዊ ዘዴ ጭምር እንዲያስረዳ ፈቀደ። ኢብኑል ቀይም ይህን ባዩ ኖሮ ባልገረማቸው። ያው ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሚደረግ ጋብቻ እንዳይመዘገብ ከልክሏል። ዓላማው የሚደገፍ ነው፤ ኒካሁ በመንደር ከታሰረ ግን ዕዳው በሕፃኑ ላይ ይወድቃል። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 7 ደግሞ ሕፃን እንደተወለደ ይመዝገብ ሲል የወላጆቹን የጋብቻ ወረቀት አይጠይቅም።

ሕፃንን ያለ ወላጆቹ የጋብቻ ወረቀት መመዝገብ ለዝሙት በር ይከፍታል የሚሉ አሉ። የልደት ምስክር ወረቀት የወላጅን ጥፋት አይሽርም፤ ተቃውሞው ከዚህ አያልፍም። እርግጥ ነው፣ ቂያፋ በጸና ትዳር የተወለደን ልጅ ነሰብ አያፈርስም፤ ይህ ጽሑፍም ከዚያ አይሻገርም።

የሚቀረው የዘረመል ምርመራን እምቢ የማለት ጉዳይ ነው። በንብረት ክርክር መሐላ እምቢ ባለ ተከሳሽ ላይ እንዲፈረድ ሐነፊዎች ራሳቸው ይፈቅዳሉ። የአቡ ሐኒፋ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት፣ አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ፣ መሐላውን እስከ ነሰብ ክርክር ድረስ ዘልቀውታል። የካይሮ ዳኛም ናሙና አልሰጥም ያለውን ሰው በዚሁ መንገድ ቢፈርድበት ከሐነፊ መዝሀብ አልወጣም።