ሶፍት፣ ከሰልና የጉምሩክ መዝገብ

ኢትዮጵያ ከውጭ የምታስገባውን ሶፍት ከምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቿ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አምድ ብቻ አንብቦ ይፈርዳል። የጉምሩክ መዝገብ ግን ይህን ዕቃ በሦስት ቦታ ነው የሚያስቀምጠው። ተቆርጦና ታሽጎ ለሱቅ የተዘጋጀው ሶፍት በዓለም አቀፉ መለያ 48.18 ላይ፣ ፋብሪካ ገዝቶ የሚቆርጠው ጃምቦ ሮል 48.03 ላይ፣ የሁሉም መነሻ የሆነው የእንጨት ፐልፕ ደግሞ ምዕራፍ 47 ውስጥ ይገኛል። በመጀመሪያው አምድ ትንሽ የምታስገባ አገር በሦስተኛው ብዙ ልታስገባ ትችላለች። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግረን ሕዝቡ ምን ያህል ሶፍት እንደሚጠቀም ሳይሆን አገሪቱ ከዛፍ እስከ ሱቅ ባለው መንገድ የትኛው ደረጃ ላይ ፋብሪካ እንደተከለች ነው።

የኬንያ ታሪክ ይህን ያሳያል። በዌቡዬ ከተማ የተሠራው ፓንፔፐር የተባለው የወረቀት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 ሥራ ሲጀምር ዛፍ ከመንግሥት ደን እያስቆረጠ ፐልፕ ያመርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ቢዘጋም የወረቀት ሙያውና ገበያው አልጠፋም፤ እንደ ቻንዳሪያ ያሉ የሶፍት አምራቾች ጥራጊ ወረቀት እየሰበሰቡ ቀጥለዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በጋራ ታሪፉ ጥሬ ዕቃን ያለ ቀረጥ፣ ያለቀለትን ዕቃ በከፍተኛ ቀረጥ ማስገባቱ ለእነዚህ ፋብሪካዎች ጋሻ ሆኗቸዋል። የእኛ የወንጂ ወረቀት ፋብሪካ በአንጻሩ በአብዛኛው ከውጭ በመጣ ፐልፕ ላይ ተደግፎ ኖሯል።

ነገሩ ከዳንግላ ሲታይ ይበልጥ ይጎላል። የእንግሊዝ ቆንስላ ሜጀር ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የተቀመጡባት ይህች የአዊ ከተማ ለውጭ ንግድ እንግዳ አይደለችም። ሆኖም በዚያ ዘመን በበቅሎና በአህያ የሚጓዝ ሸቀጥ ለድካሙ የሚበቃ ዋጋ ማውጣት ነበረበት። ሶፍት ግን ቀላል፣ ርካሽና ቦታ የሚፈጅ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ከጅቡቲ ወደብ የተጫነ ኮንቴይነር አብዛኛው አየር ነው። በዚያ ላይ ቤተሰቡ የሚታጠበው በውኃ ነው፤ እጅ ከማዕድ በፊትና በኋላ የሚታጠበው ከማንቆርቆሪያ በሚፈስ ውኃ ነው። አነስተኛ የሶፍት ግዢን የንጽሕና ጉድለት አድርገው የሚያነቡ ሰዎች ይህን ልማድ ከሒሳቡ አውጥተውታል። ይህን ስል የውኃ እጥረት የለም ማለቴ አይደለም፤ የጤና ጉዳይ ከሆነ ግን መጀመሪያ መቆጠር ያለበት ቧንቧና ሳሙና ነው።

ዛፍ ስለሌለን ነው የሚለውም መልስ አያስኬድም። ከዳንግላ በስተደቡብ በሚገኘው ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ከሦስት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ እየተከሉ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ይታጨዳል፣ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። የዲከረንስ ዘመዶች በደቡብ አፍሪካና በኢንዶኔዥያ ለፐልፕ ይመረታሉ፤ በአገራችን የሞላው ባሕር ዛፍም ብራዚልን ቀዳሚ የፐልፕ ሻጭ አድርጓታል። አጭር ክሩ ለሶፍት ልስላሴ ተፈላጊ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። የብራዚል አዳዲስ ፋብሪካዎች እያንዳንዳቸው በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ፐልፕ ያመርታሉ፤ ብዙ ውኃና ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋሉ። በግማሽ ሔክታር ማሳ የተበታተነ ዛፍ እንዴት ይመግባቸዋል? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ለአዊ የፐልፕ ፋብሪካ ይተከል የሚል ሰው የአባይን ገባሮችም ማሰብ አለበት። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከጥራጊ ወረቀት ሶፍት መሥራት ከእንጨት ከመነሣት እጅግ ያነሰ ካፒታል ይጠይቃል፤ በአዲስ አበባም ተሞክሯል። በየገበያችን የተጻፈበት ደብተር የበርበሬና የስኳር መጠቅለያ ሆኖ ያልቃል፤ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ይቃጠላል። ይህን ወረቀት ሰብስቦ ወደ ፋብሪካ ለመላክ ደግሞ ከሰል ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መኪና፣ ነጋዴና ደላላ በአዊ አሉ። ዲከረንሱን የዝገት በሽታ እየመታው ባለበት በዚህ ጊዜ፣ በዚያው መንገድ የሚጫን ሌላ ሸቀጥ ማግኘት ለዳንግላ ነጋዴ ትንሽ ነገር አይደለም።