አበባ በሩቅ ሲላክ፦ ከቀሃ ወንዝ እስከ ያርኮን



ዓርብ ከቀትር በፊት በከተማችን በፔታህ ቲክቫ የሚዘዋወር ሰው፣ በየመንገዱ ማዕዘን በባልዲ ውሃ የተነከረ አበባ ሲሸጥ ማየቱ አይቀርም። ሰዉ በአንድ እጁ የሰንበት ዳቦውን፣ በሌላው እጁ አበባውን ይዞ ወደ ቤቱ ይቸኩላል። ለቆየው ነዋሪ ይህ የተለመደ ነው። አዲስ ለመጣ ቤተሰብ ግን ትንሽ ግር ያሰኛል፤ ሦስት ቀን ሳይሞላው ለሚጠወልግ ነገር ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሡኝ በሰፈራችን በሃዳር ጋኒም የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። «ጎንደር ተራዋን ስትጠብቅ ለቀረችው እህቴ አበባ ልላክላት ብል ይሆናል ወይ? መንገድ ላይ አይጠወልግም?» ብለው ጠየቁኝ። ልጃቸው በትምህርት ቤት ለአስተማሪዋ አበባ ስትወስድ አይተው ነው ነገሩን ያሰቡት። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ዓለም ከመቶ ዓመት በፊት የተጨነቀበት ጥያቄ ስለሆነ፣ ታሪኩን ከሥሩ ማንሣት ፈለግሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ግን በሀገራችን አበባ ለሰው አይሰጥም ነበር ማለት ስሕተት መሆኑን ላስታውስ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የጎንደር ተራራና ሜዳ በዐደይ አበባ ቢጫ ይሆን የለምን? የእንቁጣጣሽ ዕለት ልጃገረዶች አበባና ለምለም ሣር ይዘው፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ በወረቀት ላይ የተሣለ አበባ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ባለቤቱም ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣቸዋል። በዓሉ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቢሆንም አበባው የሁላችንም ነበር። እኛ ብርሃን ሰረቀን በምናከብርበት ሰሞንም እርሻው ዳር ያው ዐደይ አበባ ይታይ ነበር። ማንም አልዘራውም፤ ማንም አይሸጠውም።

ከአበባውም ይልቅ በዓመት ሙሉ የሚሠራው ቄጠማ ነው። ጎንደር በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ያለች ከተማ ናት። እንግዳ ሲመጣ ወይም ለዓመት በዓል ቡና ሲፈላ፣ ከወንዝ ዳርና ከረግረግ የታጨደ ትኩስ ቄጠማ በቤቱ ወለል ላይ ይጎዘጎዛል። ሽታው ገና ከበር ይቀበላል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ፈረንጅ በጠረጴዛ ላይ በብርጭቆ የሚያስቀምጠውን እኛ መሬት ላይ እናነጥፈው ነበር፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ሁለቱም ያው ለአንድ ቀን ክብር የተቆረጠ ለምለም ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ሩቅ መላክ የመጣው እንዴት ነው? በአውሮፓ ከተሞች የአበባ ሱቆች በበዙበት ዘመን፣ ሰው በሌላ ከተማ ላለ ዘመዱ አበባ መላክ ሲፈልግ በባቡር ይልክ ነበር። አበባው ግን ሲደርስ ጠውልጎ፣ አንዳንዴም ሞቶ ይገኛል። በ1908 ማክስ ሁብነር የተባለ የበርሊን አበባ ነጋዴ ዘዴ አመጣ። አበባውን ከመላክ ይልቅ ትእዛዙን ብቻ መላክ፤ በተቀባዩ ከተማ ያለ ሌላ ባለ ሱቅ ከራሱ አበባ አዘጋጅቶ ያድርስ፤ ሒሳቡን ነጋዴዎቹ በኋላ እርስ በርሳቸው ይተሳሰባሉ። በ1910 ደግሞ የአሜሪካ አበባ ነጋዴዎች ትእዛዝን በቴሌግራም ለመለዋወጥ ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ በስልክና በኢንተርኔት የሚሠራውም በዚያው መንገድ ነው። ቃሉ ባሕር ይሻገራል፤ አበባው የሚቆረጠው ከተቀባዩ ደጃፍ አጠገብ ነው።

አሁን ደግሞ ወደምንኖርባት ከተማ እንመለስ። ፔታህ ቲክቫ ዛሬ ትልቅ ከተማ ብትሆንም፣ በ1878 ከኢየሩሳሌም የወጡ ጥቂት ሰዎች በያርኮን ወንዝ አካባቢ ሲመሠርቷት መንደር ነበረች። ስሟ «የተስፋ በር» ማለት ሲሆን ከትንቢተ ሆሴዕ የተወሰደ ነው። ወንዙ ግን መጀመሪያ ያመጣው ተስፋን አልነበረም። በዙሪያው ረግረግ ስለነበረ ወባው ሰውን ፈጀ፤ በተለይ ከወንዙ ይበልጥ ቀርበው የሠፈሩት፣ በወንዙ ስም «ያርኮናውያን» የተባሉት፣ ብዙ መከራ አዩ። መንደሪቱ ለጥቂት ጊዜ ተለቅቃ ቆይታ በ1883 በባሮን ሮትሽልድ እርዳታ እንደገና ሰው ገባባት። ረግረጉን እንዲያደርቅም ባሕር ዛፍ ተተከለ። ያንኑ ባሕር ዛፍ በዚያው ዘመን አፄ ምኒልክ ለአዲስ አበባ ማገዶ አስተክለውታል፤ ስለዚህ በዚህ አገር ባሕር ዛፍ ስታዩ እንደ ባዳ አትዩት።

ከወባው በኋላ የመጣው ብርቱካን ነው። ከፔታህ ቲክቫ የአትክልት ቦታ ብርቱካኑ እያንዳንዱ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በእንጨት ሣጥን ተደርድሮ፣ በግመል ወደ ያፎ ወደብ ይጓዝና በመርከብ እስከ እንግሊዝ ይደርስ ነበር። የከተማይቱ ዓርማም ይህንኑ ዛፍ ያሳያል። የሰፈራችን ስም ራሱ ከዚህ ወገን ነው። «ጋኒም» የአትክልት ቦታዎች ማለት ነው። «ሃዳር» ውበት፣ ግርማ ማለት ሲሆን፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ለዳስ በዓል ያዘዘው «የሃዳር ዛፍ ፍሬ» ትርንጎ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ፣ በዕብራይስጥ የብርቱካንና የሎሚ ወገን ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። አሁን በአትክልቱ ቦታ ፎቅ ቆሞበታል። ሆኖም በፋሲካ ሰሞን በቀረው ብርቱካን ዛፍ ሥር ስታልፉ የአበባው ሽታ ያቆማችኋል። ፍሬው እንግሊዝ ደርሷል፤ ያ አበባ ግን ከዚህ ወጥቶ አያውቅም።

የዱር አበባን ነገር ለብቻው ማንሣት አለብኝ፣ ምክንያቱም በዚህ ሕፃናቶቻችን ሊሳሳቱ ይችላሉ። ድሮ እስራኤላውያንም በክረምት መጨረሻ ወደ ሜዳ ወጥተው ቀዩን ካላኒትና ራኬፌት የሚባለውን ሐምራዊ አበባ በእቅፍ እየለቀሙ ይመለሱ ነበር፤ በየመንገዱም ይሸጥ ነበር። አበባው እየጠፋ ስለሄደ፣ የሑላ ረግረግ መድረቅ ያሳሰባቸው ሰዎች በ1953 ያቋቋሙት የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ብዙ ተከራከረ። በ1963 የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ ከዚያም በየትምህርት ቤቱና በየአውቶቡስ ጣቢያው «አትልቀሙ» የሚል ሥዕል ተለጠፈ። በአንድ ትውልድ ውስጥ የሕዝቡ ልማድ ተለወጠ። እኔ በዚህ አገር ካየኋቸው ሕጎች ሕፃናት ወላጆቻቸውን ያስተማሩበት ይህ ይመስለኛል። ካላኒትም በ2013 የአገሪቱ አበባ ተብላ ተመረጠች።

ስለዚህ ልጅዎ ዐደይ አበባ እንደለመደው ሜዳ ገብቶ አበባ ቢቆርጥ ነውሩ የእሱ አይደለም፤ የሀገሩን ልማድ ነው ያደረገው። ግን ይንገሩት። በያርኮንም እንዲሁ ነው። በ1955 ውሃው በትልቅ ቧንቧ ወደ ደቡብ ወደ ነጌቭ መወሰድ ከጀመረ ወዲህ ወንዙ ደክሞ፣ ቆሻሻም ተጨምሮበት ነበር። ነገር ግን ከምንጩ አጠገብ ባለው ንጹሕ ክፍል ኑፋር የሚባለው ቢጫ የውሃ አበባ ዛሬም አለ። ሰንበት ከሰዓት ልጆችን ይዞ ሄዶ ማየት ነው፤ መቁረጥ ክልክል ነው።

በባልዲ የሚሸጠው አበባ እንግዲህ የእርሻ አበባ ነው። እስራኤል በ1956 የተቋቋመው አግሬክስኮ የተባለው ድርጅት «ካርሜል» በሚል ምልክት ፍራፍሬና አትክልት ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር፤ በኋላ አበባም በአውሮፕላን መላክ ጀመረ። ቀጥሎ አበባው ወደ አፍሪካ ሄደ። ከ2000 ገደማ ጀምሮ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በደብረ ዘይትና በዝዋይ የጽጌረዳ እርሻዎች በፕላስቲክ ቤት ተስፋፍተው፣ ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛ አበባ ላኪ ሆነች። አግሬክስኮ በ2011 ወደቀ። በነዚህ እርሻዎች የሚሠራበት የጠብታ መስኖ በ1965 በነጌቭ በሐጼሪም ኪቡጽ ፋብሪካው የተከፈተለት ዘዴ ነው፤ እንዲህ ነው ዓለም የሚዞረው።

የሆለታ ጽጌረዳ ማለዳ ተቆርጦ በቀዝቃዛ ክፍል ይገባል፣ በቀዝቃዛ መኪና ወደ ቦሌ ይወርዳል፣ ሌሊት በአውሮፕላን ተጭኖ ሆላንድ አገር አልስሜር ወዳለው ታላቅ የአበባ ጨረታ ይጓዛል። የማክስ ሁብነር አበባ በባቡር ሞተ፤ ይህኛው የማይሞተው ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ብርዱ ሳይለየው ስለሚሄድ ነው። ለሀገሪቱ ዶላር፣ ለብዙ ወጣት ሴቶችም ሥራ አምጥቷል። ቢሆንም ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ስለ መድኃኒቱና ስለ ዝዋይ ሐይቅ ውሃም ብዙ ስሞታ ተሰምቷል። በ2016 ሁከት ጊዜም በባሕር ዳር አጠገብ የነበረ የአበባ እርሻ ተቃጥሏል። ገበሬ መሬቱን ለጽጌረዳ ሲለቅ ልቡ ምን እንደሚል እኛ የገበሬ ልጆች እናውቃለን።

አሁን ለአዲስ መጪዎች ጥቂት ነገር ልበል። አበባ በዕብራይስጥ ፔራህ፣ ሲበዛ ፕራሒም፣ የታሰረው እቅፍ ዜር ይባላል። ለሰንበት ምሳ ሲጠሩ፣ ልጅ ሲወለድ፣ አስተማሪ ስታሰናብቱ ይሰጣል። ለቅሶ ቤት ግን አይወሰድም። ይህን እኔ በራሴ ተምሬዋለሁ። በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት የጎረቤቴ አባት ሞተው ለሺቭዓ ስሄድ ትልቅ ነጭ አበባ ይዤ ገባሁ። ልጅቷ ምንም ሳትል ተቀብላ ወጥ ቤት ወስዳ አስቀመጠችው፤ እኔም ዙሪያዬን ሳይ አበባ የያዘ አንድም ሰው የለም። ለሺቭዓ ምግብ ነው የሚወሰደው፣ ልክ እንደ ሀገራችን እዝን። መቃብር ላይም አይሁድ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ድንጋይ ያኖራል። የታመመ ስትጠይቁም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በአንዳንድ የሆስፒታል ክፍሎች አበባ አይገባም።

የእናታችንን ጥያቄ አልረሳሁም። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ አበባ የሚያደርስ ሱቅ በስልክ ማዘዝ ይቻል ነበር። ለጎንደር ግን እሳቸው ራሳቸው የተሻለ አገኙ። እዚያ ላለው የእህታቸው ልጅ ጥቂት ገንዘብ ልከው፣ «ቄጠማ ግዛ፣ ቡናም ግዛ፣ በስሜ ቤቱን አሳምሩ» አሉት። ዓርብ ጠዋት ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው እየተቆላ፣ ስልኩ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ እኅትማማቾቹ አወሩ። እህትየዋ፣ «አበባ ትልኪያለሽ ብለውኝ ነበር፤ የታለ?» ብትላቸው፣ «እኔ ዘንድ ነው፤ ዛሬ ገዝቼ በስምሽ ጠረጴዛው ላይ አኑሬዋለሁ» ብለው መለሱላት።