የአይኤልትስ የንግግር ፈተና

ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ አይኤልትስ፣ አራት ክፍሎች አሉት። በንግግሩ ክፍል ተፈታኙ ከፈታኙ ጋር ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ያወራል፤ ድምፁም ይቀረጻል።

መጀመሪያ ስለ ራሱ ይጠየቃል። ቀጥሎ ርዕስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጠውና 1 ደቂቃ ተዘጋጅቶ እስከ 2 ደቂቃ ብቻውን ይናገራል። በመጨረሻ ውይይቱ ጠለቅ ይላል።

ነጥቡ ከ0 እስከ 9 ነው። ቅልጥፍናና የሐሳብ ትስስር፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስው እንዲሁም የቃላት አጠራር እኩል ይመዘናሉ። ንግግሩ በግልጽ እስከተሰማ ድረስ የአገር ቤት ቅላጼ በራሱ ነጥብ አያስቀንስም፤ የተሸመደደ መልስ ግን ያስቀንሳል። ስለዚህ ለመዘጋጀት ሰዓት ይዞ እየተናገሩ ራስን መቅረጽና ማድመጥ ከሽምደዳ እጅግ ይሻላል።

አጠቃላይ ውጤቱ የአራቱ ክፍሎች አማካይ ነው፤ 6.25 ወደ 6.5 ከፍ ይላል። ዩኒቨርሲቲዎች ለንግግሩ ለብቻው ዝቅተኛ ነጥብ ሊወስኑ ስለሚችሉ፣ አመልካቹ አማካዩን ብቻ ማየት አይበቃውም።